ጀማሪ ያጣ ዜማ

ሳንቴሪ የሞተው ወንዙ ከመርጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እኔና እርሱ ዕድሜያችንን የኖርነው በአንድ ወንዝ ሁለት ዳር፣ ቤቶቻችን ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር። ውኃው ሲፈስ በጀልባ፣ ሲረጋ በበረዶው ላይ በእግራችን እንሻገር ነበር። እርሱ ቫዮሊን፣ እኔ ኦርጋን እንጫወታለን። ኦርጋን ስል በትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ያለውን ግዙፉን ማለቴ አይደለም፤ በሁለት እግር እየተረገጠ ወናፉ የሚነፋውን፣ በአካባቢያችን በየትምህርት ቤቱና በየአሮጌው ቤት ግድግዳ ሥር የሚገኘውን የእንጨት ኦርጋን ነው። በዚህ ሁኔታ ሰርግ አጅበናል፣ ቀብር ሸኝተናል፤ በእኛ ዜማ የተዳሩ ሴቶችን ልጆች መልሰን ድረናል።

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱን ሄልሚን አላነጋገርኋትም። ተጣልተን አይደለም። ሐዘን ያለበትን ቤት ሳይጠራ የሚያንኳኳ ሰው በእኛ ዘንድ እንደ ባለጌ ይታያል፤ ሐዘንተኛውም በበኩሉ ሰው ጠርቶ «ና አጫውተኝ» ማለትን እንደ ልመና ይቆጥረዋል። ስለዚህ እርስዋ እስክትጠራኝ ጠበቅሁ። እርስዋ ደግሞ ምን ትጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ አላወቅሁም። ፀሐይ ገና ከቀትር ጥቂት እንዳለፈ በምትጠልቅበት በዚያ ወራት የመስኮቷ መብራት ከወንዙ ማዶ ቶሎ ይበራል፤ መጽሐፍ ዘርግቼ ቀና ባልሁ ቁጥር እርሱን አያለሁ። በኋላ የማነብበትን መብራት አንሥቼ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰድሁት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ለማንም አላስረዳሁም።

ሳንቴሪ ራሱ ያወጣው አንድ ዜማ ነበረው። በሦስት ምት የሚሄድ፣ ጥንዶች ተያይዘው የሚዞሩበት ዓይነት ነው፤ ፖልስካ እንለዋለን። ስም ግን አልነበረውም። በመንደራችን በሕይወት ያለ ሰው ዜማ በስሙ አይጠራም። ሰውየው ከሞተ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ የክረምት በዓል ላይ፣ ከእርሱ ጋር ይጫወት የነበረው ሰው ዜማውን ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዜማው የሟቹን ስም ይይዛል። በዓሉ ዜማው ሳይጀመር ካለፈ ማንም አይከለክለውም፤ ግን ማንም አይነካውም። የሞተን ሰው ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ እንደ መልበስ ያሳፍራል። በዚህ ዓይነት ጨዋነት ተቀብረው የቀሩ ዜማዎችን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ከአሁኖቹ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ።

የሳንቴሪን ዜማ የሚጀምረው ያርሞ እንደሚሆን አልተጠራጠርሁም። ያርሞ የሳንቴሪ የወንድም ልጅ ነው፤ ቫዮሊን ይጫወታል፤ የበዓሉም ሰብሳቢ እርሱ ነው። ምክንያቴ ግልጽ ነበር፦ ኦርጋን አይጀምርም። ቫዮሊን ይጀምራል፤ ኦርጋን ከሥር ይገባና ይሸከመዋል። እኔ ከሳንቴሪ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ስጫወት አንድም ቀን ቀድሜው ገብቼ አላውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያርሞ ዜማውን ሲጀምር ኦርጋኑ ዘንድ እንድቀመጥ እንዲጠይቀኝ። ይህንንም ቢሆን ለማንም አልተናገርሁም፤ ሰው ራሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይመስለኝ ነበርና።

ማንም አልጠየቀኝም። የካቲት ገባ፤ የበዓሉ ፕሮግራም በሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። ከኖርዌይ የሚመጡት፣ ከባሕሩ ማዶ ከስዊድን የሚመጡት፣ ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል ካንቴሌ የሚባለውን ጭን ላይ የሚተኛ ባለ ክር መሣሪያ ይዘው የሚመጡት እኅትማማቾች ስም ሁሉ ነበረበት። ቀና ብዬ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። የእኔ ስም አልነበረም። አንዲት ሴት ዳቦ ይዛ ከሱቁ ስትወጣ «ደግ ፕሮግራም ነው መምህር፣ አይደለም?» አለችኝ። «በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው» አልኋት።

አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ግን ጥቁሩን ሱፌን ለብሼ ራሴን አገኘሁት። የሚገፋውን ተንሸራታች ወንበር ከጎተራው አወጣሁ፤ እኛ ሽማግሎች በክረምት ያለ እርሱ ደጃፍ አንሻገርም፤ አንዱን እግር ከኋላ ብረቱ ላይ አሳርፈን በሌላው እየገፋን እንሄዳለን። ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር የሚያደርቅ ነበር። ወንበሩ ላይ ድሮ የሳንቴሪ የቫዮሊን ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ እርሱ ከጎኔ በእግሩ ይሄዳል፣ እኔ ሣጥኑን እገፋለሁ። ባዶ ወንበር ሲገፋ ቀላል ነው፤ ከልክ በላይ ቀላል ስለሆነ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ያስቸግራል።

ከመንደሩ አዳራሽ በር ላይ ያርሞ ቆሞ ነበር፤ የፀጉር ቆቡን ጆሮ ወደ ላይ አስሮ፣ ጢሙ በውርጭ ነጥቶ።

«መምህር!» አለ፤ ልጅ ሳለ መስኮት ሰብሮ ስይዘው ያሳይ የነበረውን ፊት አሳየኝ። «መጡ እንዴ?»

«እንደምታየው።»

«መንገዱ እንዴት ነበር? በረዶው አላንሸራተተዎትም?»

«በረዶ ያንሸራትታል፣ ያርሞ። አንደኛ ክፍል ያስተማርሁህ ይመስለኛል።»

ሣቀ፤ ወዲያው ደግሞ መሣቁ ያሳፈረው ይመስል ከንፈሩን ሰበሰበ። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አይቶ «ኧረ መምህር! እርስዎ ቲኬት ሊገዙ? ኧረ ነውር ነው፣ ዝም ብለው ይግቡ» አለኝ።

«ፕሮግራሙ ላይ ስሜ የለም። ስሙ የሌለ ሰው ቲኬት ይገዛል።»

ፊቱ ከብርዱ በላይ ቀላ። «እሱማ… በሐዘን ላይ ያለ ሰው ማስቸገር… ማለቴ፣ እርስዎን ለማክበር ብለን ነው እኮ።»

ቆሜ ጠበቅሁት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትጨመር ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ደጃፍ ያልቅ ነበር። ያርሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰማዩን አየ፤ «ዛሬስ ይብሳል ብርዱ» አለና ቲኬቱን ቆርጦ ሰጠኝ።

ኦርጋኑ በቦታው፣ ከመድረኩ በስተግራ በግድግዳው ሥር ነበር። ሰዎች ካፖርታቸውን ከምረውበት ሊታይ የቀረው እግሩ ብቻ ነው። በአምስተኛው ረድፍ ዳር ተቀመጥሁ። አዳራሹ ሞላ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ተጣበበ፤ በእኔ ግራና ቀኝ ያለው አግዳሚ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ሰዎች እየመጡ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጡኝና ወደ ኋላ ሄደው ይቆማሉ። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ራሴ ለሌሎች እንዲህ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አክብሮቱ ግን ከአግዳሚው ላይ እንደሚወጣ ቅዝቃዜ ሆኖ በሱፌ በኩል ሲገባ ይሰማኝ ነበር።

እኅትማማቾቹ ተጫወቱ፤ ከእነርሱ በኋላ ስዊድናውያኑ ቁልፍ ባለው ቫዮሊናቸው አንድ የእረኞች ጥሪ አሰሙ። ከዚያ ጉንቮር የምትባለው ኖርዌያዊት ብቻዋን ወጣች፤ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያደረገች ሴት ናት። የእነርሱ ቫዮሊን ከዋናዎቹ ክሮች ሥር ሌሎች ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ እነዚያን ማንም አይነካቸውም፤ ከላይ ያሉት ሲመቱ በራሳቸው ያስተጋባሉ። ከመጀመሯ በፊት ዜማውን ከማን እንደተማረች ተናገረች፤ ከአጎቷ ነው፤ አጎቷም ከአንድ የወፍጮ ባለቤት። ተጫውታ ስትጨርስ ደጋኑን አነሣች። ከሥር ያሉት ክሮች ግን ዝም አላሉም፤ የሚመታቸው ከሌለ በኋላም ጥቂት ቆይተው ጮኹ። ሰው ሁሉ እስኪያበቁ ጠብቆ ነው ያጨበጨበው። እኔ በዚያ መካከል ፕሮግራሙን አጥፌ አጥፌ የጥፍር ያህል አድርጌው ነበር።

ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ሰው ለምሳ ወደ ኩሽናው ክፍል ወረደ። እንስላል የገባበት የዓሣ ሾርባ ከትልቅ ድስት ይቀዳል፤ የሚቀዳው ደግሞ በሄልሚ እጅ ነው። ተሰልፌ ደረስሁ።

«ኦሆ! ኤይናሪ በሕይወት አለ ማለት ነው» አለች ጭልፋውን ሳታቆም።

«አለሁ።»

«ከየት አውቄው? መብራትህን ከደበቅኸው ወዲህ፣ ይሄ ሰውዬ ሞቶ እንደሆነ እያልሁ ጠዋት ጠዋት ጭስህን ነው የማየው።»

«አልደበቅሁትም። ወደ ጓሮው ክፍል ወሰድሁት። እዚያ ይሞቃል።»

«ይሞቃል? ድንች የምታስቀምጥበት ክፍል አይደለም እንዴ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «ዘንድሮ ድንቹ ጥቂት ነው» አልሁ።

«ታዲያ ቦታ አለሃ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ሳህኔን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ።

ጥግ ላይ ያለ ገበታ አገኘሁ። እንደ አዳራሹ ሁሉ እዚህም ወንበሮቹ በዙሪያዬ ባዶ ቀሩ፤ ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው መስኮት ተደግፈው እየበሉ እንኳ ወደ እኔ አልቀረቡም። እዚያ ቦታ ላይ ኖርዌያዊቷ መጣች። «እዚህ ሰው አለ?» ብላ በቋንቋዋ ጠየቀች፤ ሳልመልስላትም ተቀመጠች። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ በተማርሁት በአሮጌው ስዊድንኛ፣ እርስዋ በራሷ ቋንቋ፣ ተግባባን።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ዳቦውን እየቆረሰች። «ትናንት ያርሞን፣ የአጎትህን ዜማ አስተምረኝ ብዬ ለመንሁት። እምቢ አለኝ። እኔ ስግብግብ ነኝ፣ ዜማ ሳይ ዓይኔን አላሽም፣ ደጋግሜ ለመንሁት። ‹ገና አልተጀመረም› አለ። ያልተጀመረ ዜማ ምንድን ነው?»

ሥርዓቱን አስረዳኋት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«ታዲያ ማን ነው የሚጀምረው?»

«ያርሞ ነው።»

«እሱማ ‹እኔ አይደለሁም› ነው ያለኝ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። «ታዲያ ማን ነው አለ?»

«‹አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ራሳቸው ሲፈልጉ ይጀምራሉ፤ እሳቸው አይጠየቁም› አለኝ። በዓሉ ደግሞ ዛሬ ያልቃል አይደል? እኚህ ሰውዬ ታመው ይሆን እንዴ?»

ሄልሚ በዚህ መካከል የዳቦ መሶብ ይዛ መጥታ ከአጠገባችን ቆማለች። ስዊድንኛ ባትናገርም ትሰማለች። «አልታመመም» አለች በእኛው ቋንቋ፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ይኸው፣ ሾርባዬን እያቀዘቀዘው ነው።»

ጉንቮር ቋንቋውን ባታውቅም የሄልሚን ጣት አየች። ዳቦዋን ይዛ ቀረች።

«ሄልሚ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በቀልድ አይነገርም» አልሁ። «ዜማ የሚጀምረው ቫዮሊን ነው። ኦርጋን ጀምሮ አያውቅም።»

«ማን አለ?»

«ማንም ማለት አያስፈልገውም። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ሳንቴሪ ይጀምራል፣ እኔ እገባለሁ።»

«ሳንቴሪ ይጀምራል!» መሶቡን ገበታው ላይ አስቀመጠችው፤ የማስቀመጥዋ ድምፅ ለመስኮቱ ሰዎች ሁሉ ተሰማ። «እሱ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ‹ደጋኑን ክሩ ላይ አሳርፌ የኤይናሪን እግር እጠብቃለሁ› ነበር የሚለኝ። ወናፉን ስትረግጠው አየሩ ይገባል አይደል፣ ያ ትንፋሽ የመሰለው ድምፅ? ‹እሱን ሳልሰማ እጄ አይነሣም› ይል ነበር። አንዴ በእህቴ ልጅ ሰርግ አንተ ሽንትህን ልትሸና ወጥተህ ቆየህ። ሙሽራዋ ቆማ፣ ሰው ቆሞ፣ እሱ ደጋኑን ይዞ እንደ ሐውልት ደርቆ! ‹ጀምር እንጂ አንተ!› ስለው ‹በምን ልጀምር፣ ገና አልተነፈሰም› አለኝ።»

ያን ሰርግ አስታውሳለሁ። ተመልሼ ስገባ ሁሉም ዘወር ብለው አይተውኝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም። ኦርጋን ያለ አየር አይጮኽም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት እግር ወናፉን መሙላት አለበት። ያ ሹክሹክታ የመሰለ አየር ለእኔ የመሣሪያው ጉድለት ነበር፤ እንዳይሰማ ስል ቀስ ብዬ ለመርገጥ እጥር ነበር።

«ይህን ለምን ሳይነግረኝ ኖረ?» አልሁ።

«አልጠየቅኸውማ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ልነግርህ ነበር! ከቀብሩ በኋላ ወንዙ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ሲረጋ ደግሞ መብራትህ ጠፋ። እኔ ምን ልበል? ‹ሰውየው ሰው አልፈልግም እያለ ነው› አልሁ።» ዓይኗን ወደ ድስቱ መለሰች። «ሾርባው ሊያርብኝ ነው» አለችና ሄደች።

ለጉንቮር አንድም ነገር አልተረጎምሁላትም፤ እርስዋም አልጠየቀችኝም። ቁራጭ አይብ አንሥታ በቡናዬ ውስጥ ጣለችልኝ፤ የአካባቢያችንን ልማድ በአንድ ቀን መማሯ ነው። ጠጣሁት። ከዚያ ሾርባውን እስከ መጨረሻው በላሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም በአክብሮት የተሰጠ ምግብ ተርፎ አይመለስም።

የበዓሉ የመጨረሻ ክፍል በፕሮግራም የሚመራ አይደለም። ተጫዋቾቹ በአዳራሹ ማዕዘኖች ይበታተናሉ፤ አንዱ ይጀምራል፣ የሚያውቅ ይቀላቀላል። ማንም ማንንም አይጋብዝም። ወደ አዳራሹ ስመለስ ቫዮሊን ያላቸው ሁሉ ቫዮሊናቸውን ይዘዋል፤ ግን የሚጫወት አልነበረም። አንዱ ክሩን ያጠብቃል፣ አንዱ ደጋኑን ሰም ይቀባል፣ አንዱ የጠበቀውን ክር መልሶ ያጠብቃል። ጠዋት ባየው ኖሮ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ወደ ኦርጋኑ ሄድሁ፤ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ። የመጀመሪያውን ካፖርት አነሣሁ። የት እንደማስቀምጠው ሳስብ ባለቤቱ መጥቶ ከእጄ ተቀበለኝ። ሁለተኛውን አነሣሁ፤ አንዲት ሴት መጣች። እንዲህ እያለ፣ አንድም ቃል ሳይነገር፣ የመንደሩ ሰው ተራ በተራ እየመጣ ካፖርቱን ከእጄ ይወስድ ጀመር፤ ደመወዝ የማከፋፍል ይመስል ነበር። በመጨረሻ የቀረው ዳር ላይ የተቀመጠው የያርሞ የፀጉር ቆብ ነው። እርሱም ሊወስደው መጣ።

«መምህር» አለ በሹክሹክታ፣ «ኦርጋኑን ሌሊቱን ምድጃው አጠገብ አቆይተን ነው ጠዋት ወደዚህ ያመጣነው። ምናልባት ብለን። እንዳይቀዘቅዝብዎት ደግሞ…»

«ካፖርት አለበሳችሁት» አልሁት።

«አዎ።»

ክዳኑን ከፈትሁ። በስተቀኜ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ይቆማል፤ ዛሬም ቆሟል፤ ማንም አልተቀመጠበትም። እግሮቼን አሳረፍሁና ረገጥሁ። ድምፁን ለመደበቅ አልሞከርሁም። ወናፉ ተሞላ፤ ያ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ከዚያ፣ ልማድ ነውና፣ ጠበቅሁ። በስተቀኜ የሚነሣ ደጋን አልነበረም።

ስለዚህ ገባሁ። የምጫወተው ዜማውን አልነበረም፤ ዜማው በእጄ የለም። የማውቀው ከሥር ያለውን፣ የሚሸከመውን ብቻ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ድርሻ ለብቻው ሰማሁት፤ ጣሪያው የተነሣበት ቤት ይመስል ነበር፤ ምሰሶዎቹ በየቦታቸው ቆመዋል፣ ከላያቸው ግን ሰማይ ነው። ሳንቴሪ በሁለተኛው ክፍል ላይ ዜማው ሊወርድ ሲል አንድ ድምፅ ላይ የመዘግየት ልማድ ነበረው፤ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቁልፉን ለመፈለግ ኪሱን እንደሚዳብስ ያህል። እኔም እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ዛሬም ጠበቅሁት። እስኪመጣ ድረስ የሚበቃውን ያህል ቆየሁ፤ ከዚያ ወረድሁ። አንድ ዙር እንዲህ ብቻዬን ጨረስሁ።

በሁለተኛው ዙር መግቢያ ላይ ወናፉን እንደገና ስሞላ ከኋላዬ የደጋኖች መነሣት ተሰማኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ፤ የመንደሩ ቫዮሊኖች ሁሉ፣ ያርሞ ከፊት። ዜማው መጣ። ትክክል ነበር፤ ግን የሳንቴሪ አልነበረም፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበር። ወደዚያች ድምፅ ስንደርስ እነርሱ አልዘገዩም፤ እንደ ተጻፈ ሆነው ወረዱ። እኔ ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ ጠበቅሁ፤ ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። ኦርጋኑ ብቻውን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በተማሪዎቼ ፊት እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ ጋለ።

ሦስተኛው ዙር መጣ። ወደ ቦታው ስንቀርብ እጄን ለማፍጠን ወሰንሁ፤ አልቻልሁም፤ ቀረሁ። በዚህ ጊዜ ግን ከእኔ በፊት የወረደ አልነበረም። ቫዮሊኖቹ ሁሉ በዚያች ድምፅ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፤ ያን ያህል፣ ከዚያ ያልበለጠ፣ ከዚያ ያላነሰ። ሳንቴሪ ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉን አገኘ፤ አብረን ወረድን።

ዘወር ብዬ አላየሁም። ዓይኔን ከኦርጋኑ ቁልፎች ብነቅል ሰው ፊቴን ያይ ነበር።

ዜማው ሲያልቅ አልተጨበጨበም፤ በዚህ ጊዜ አይጨበጨብም። ያርሞ ደጋኑን ዝቅ አድርጎ «የሳንቴሪ ፖልስካ» አለ። ሰዎች ቃሉን ለራሳቸው ደገሙት። ሄልሚ ከኩሽናው በር ላይ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ነበር፤ አንገቷን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች። ከወዲያ ማዕዘን ጉንቮር ከያርሞ ጎን ሄዳ ተቀምጣ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አስገባች። «አሁንስ?» አለችው፤ ይህን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም ነበር።

ክዳኑን ዘግቼ ካፖርቴን ለበስሁ። ያርሞ እስከ ደጃፍ ሸኘኝ። ውጪው ጨልሟል፤ በረዶው ግን ከራሱ የሚያወጣው ብርሃን አለው።

«መምህር… ለከርሞ፣ ፕሮግራሙ ላይ ስምዎን ብናስገባ…» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰማዩን ሊያይ ሲል ያዝሁት።

«ለከርሞ ጠይቀኝ፣ ያርሞ። በአፍህ ጠይቀኝ።»

«እሺ መምህር።»

«እኔ እምቢ ልል እችላለሁ።»

«ይችላሉ፣ መምህር።»

«ቢሆንም ጠይቀኝ።»

ተንሸራታቹን ወንበር እየገፋሁ በበረዶው ላይ ወረድሁ። ወንበሩ እንደ ጠዋቱ ባዶ ነበር፤ እንደ ጠዋቱ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ አስቸገረኝ። ከኋላዬ ከአዳራሹ ዜማው እንደገና ተጀመረ፤ ያለ ኦርጋን፣ ፈጠን ብሎ፤ ወጣቶቹ እየጨፈሩበት መሆን አለበት። ወንዙን ስሻገር ቆሜ አደመጥሁ፤ ወደዚያች ድምፅ ሲደርሱ ይዘገዩ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ። ነፋሱ ግን ያን ቦታ ወሰደብኝ፤ አልሰማሁትም።

ቤቴ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ምድጃውን አቀጣጠልሁ። ሱፌን ሳላወልቅ ከራሴ ኦርጋን ፊት ተቀመጥሁና ወናፉን አንድ ጊዜ ብቻ ረገጥሁ። ትንፋሹ ወጣ፤ ክፍሉን ሞላ፤ አለቀ። እጆቼ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ፤ አልተጫንኋቸውም። ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ይጠብቃል፤ ያም ሰው እርሱን ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንዱም ለሌላው አይናገርም። ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ላስበው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

ተነሥቼ ወደ ጓሮው ክፍል ሄድሁ። መብራቱን ከድንቹ ማዳበሪያዎች መካከል አንሥቼ አመጣሁትና በወንዙ በኩል ባለው መስኮት ላይ አኖርሁት። ማዶው ጨለማ ነበር። ሄልሚ ገና አዳራሹ ውስጥ ሳህን እያጠበች ነው፤ ትልቁ ድስት ብቻውን ብዙ ያቆያል። መጽሐፌን ዘርግቼ ከጎኑ ተቀመጥሁ፤ አላነበብሁም፤ መብራቱ ከወዲያ እንዲታይ መጋረጃውን ሰብስቤ ያዝሁት።